አክስቴን በአንድ ዓይን የሳልኩበት ግድግዳ

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሥዕል ለመጀመር የዘገየ፣ ቂም ለመያዝ ግን የደረሰ ዕድሜ ነው። ጁባ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ፣ ሙኑኪ ሰፈር በአክስቴ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እኔ እቴቴ እላታለሁ። እሷ ደስ ሲላት በስሜ ትጠራኛለች፣ ሲከፋት «ያቺ» ትለኛለች። በዚያ ዓመት ስሜን ከአፏ የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም። የምግብ ዝርዝሩን በር ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከጥብሱ ጎን በሬ፣ ከዓሣው ጎን ዓሣ መሳል ጀመርኩ። ሰው ወደደው። ቀጥሎ የጎረቤታችን ፀጉር ቤት በር ላይ የሴት ጭንቅላት፣ የጎሚስታው ቆርቆሮ ላይ ጎማ ሳልኩ። ቀለም ማዋሃድ የተማርኩት ከስልክ ቪዲዮና ከራሴ ብልሽት ነው፤ ይበልጡን ከብልሽቱ።

አንድ ቀን ኮሎሎ መንገድ ላይ አዲስ ሆቴል ያሠራ ያገራችን ሰው ምሳ ሊበላ መጣ። ያዘዘው ዓሣ ቀርቦለት እሱ ሰሌዳው ላይ ያለውን ዓሣ ያያል።

«ይሄን የሳለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ትልቅ ነገር ትችያለሽ? ግድግዳ የሚያህል?»

«እችላለሁ» አልኩ። ሞክሬ አላውቅም።

«ኮሪደሬም ክፍሎቼም ባዶ ናቸው። ወንዝ፣ ጨረቃ፣ እንደዚህ ያለ ነገር እፈልጋለሁ። ልብ የሚያሳርፍ። አንድ ትልቅ ነገር ሥሪና አሳዪኝ። አሁን አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ካማረኝ ሥራው ያንቺ ነው። ማደሪያም እዚያው ይሰጥሻል።»

ሥራ ያለውን ሰማሁ፣ ማደሪያ ያለውን ግን ዋጥኩት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያ እሁድ እስኪደርስ የሚቆም አንድ ሥዕል። እሱ ከቆመ ከአክስቴ ቤት እወጣለሁ።

ግድግዳ ግን ያላት እሷ ናት። የጓሮው ግድግዳ ረጅም ነው፣ አምስት ጠረጴዛ ይደገፍበታል፤ ሲሚንቶው ባዶውን ነው፣ ከታች በኩል ዝናብ በልቶታል።

«እቴቴ፣ ያንን ግድግዳ ልሳልበት?»

«በምንሽ?»

«በቀለም።»

«ቀለሙን ማን ገዝቶ?»

አጠገቧ ቆሜ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። እሷም ሽንኩርቷን ልጣ ጨረሰች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እኔ ከገዛሁ እኔን ታስገቢኛለሽ» አለች። «ቤተ ክርስቲያን አላየሽም? ሥዕሉን ያሠራ ሰው ከታች ይሳላል። ነጠላዬን ለብሼ። አለበለዚያ ግድግዳዬን አልሰጥም።»

«እሺ እቴቴ።»

«ደግሞ አሳምሪኝ። ወፍራም እንዳታደርጊኝ።»

በሳምንቱ መጨረሻ ወገቧን ልትታከም ካምፓላ ሄደች። ቤቱን ለእኔና ለወጥ ቤቷ ተወችልን። ወጥ ቤቷ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ጋምቤላ መጠለያ ውስጥ አድጋ፣ እዚያው ተምራ፣ ሰላም ሆነ ሲባል የተመለሰች። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ስትናደድ በራሷ ቋንቋ፣ ገበያ ላይ ስትከራከር በጁባ አረብኛ፣ ሰው ስታሾፍበት ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነው።

ግድግዳውን ስቱኮ ቀባሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰው እስኪመጣ ባለችው ክፍተት መሳል ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነጭ ዓባይን በጨረቃ አይቼው አላውቅም። በዚህ ከተማ ሲጨልም ወንዝ ዳር የሚሄድ ጤነኛ ሰው የለም። ወንዙን በቀን አየሁት፤ ጨረቃዋን ደግሞ አመሻሹ ላይ የውሃ ታንከሩ ማማ ላይ ወጥቼ፣ ከጎረቤት ቆርቆሮ አጥር በላይ ስትመጣ። ሁለቱን ግድግዳው ላይ አገናኘኋቸው።

ጨረቃ ብርሃን ትሰጣለች ይባላል። ማማው ላይ ቆሜ ያየሁት ስትነጥቅ ነው። ቀዩ የፕላስቲክ ወንበራችን ጠቆረ። አረንጓዴው በር አመድ መሰለ። የወጥ ቤቷ ብርቱካናማ ሻሽ ያለ ቀለም ቀረ። አንድ የተረፈ ነገር ቢኖር ነጭ ነው፤ እሱም ነጭ ሆኖ ሳይሆን እንደ ታመመ ሰው ገርጥቶ። ስለዚህ ቀለሞቼን ሁሉ እየገደልኩ ሠራሁ። ሰማያዊው ላይ ጥቂት ቡኒ ጣል አደረግሁ፣ ነጩ ላይ ቢጫ ሳይሆን የአረንጓዴ ጠብታ። የዳርቻውን የማንጎ ዛፎች ያለ ፍሬ ሳልኳቸው። ወንዙ ላይ ከላይ የሚመጣውን ተንሳፋፊ ሣር ደረደርኩ፤ ባሻገር ያለው ዳርቻ ጥቁር ነው፣ ምን እንዳለበት አይታወቅም። ጨረቃዋን ሙሉ ላደርጋት ነበር፤ ሙሉ ጨረቃ ነው ሰው የሚወደው። እጄ ግን ግማሽ አድርጎ አቆማት።

ወጥ ቤቷ በአራተኛው ቀን ማንኪያዋን እንደያዘች መጥታ ቆመች።

«ይቺ ጨረቃ ሰው አትወድም» አለች።

«ተበላሸ ማለትሽ ነው?»

«አልተበላሸም። ልክ ነው። እናቴ እኔን አዝላ በእግሯ ወደናንተ አገር ስትሄድ፣ ጨረቃ እስክትጠልቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ይጠብቁ ነበር አሉ። የሚፈልግሽ ሰው በሷ ነው የሚያይሽ። እስከ ዛሬ እናቴ ጨረቃ ስትወጣ በር ትዘጋለች።» ማንኪያውን ወደ ጠረጴዛዎቹ ቀሰረች። «ልክ ነው፤ ግን እዚህ ሥር ተቀምጦ ማን ይበላል?»

ያለችው ደረሰ። የጓሮው ጠረጴዛዎች መጨረሻ የሚሞሉ ሆኑ። እዚያ የተቀመጠም ቶሎ በልቶ ይነሳል። ከኒምራ ታላታ ሰፈር የሚመጣ አንድ ሹፌር ደንበኛ ነበረን፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ሽሮውን እየበላ፣ «ይሄ ቤት ምን ሆኗል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል» አለ። ማራገቢያው እንኳ አልተከፈተም፤ ሙቀቱ ሰውን ያቀልጥ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። መጥፎ ደስታ ነበር፤ ሰው ገፍትሮ እንደ መጣል ያለ።

አክስቴን የመጨረሻ ሳልኳት። ከታች በቀኝ በኩል፣ ዳርቻው ላይ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ወደ ጨረቃዋ ዞራ። ፊቷ ከጎን ነው የሚታየው። ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አንድ ዓይኗን የገረጣው ብርሃን አገኛቸው። የቀረው በጥላ ነው። እሷን ለመሳል አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ፈጀብኝ፤ ማንጎዎቹ እንኳ ሦስት ቀን ወስደውብኝ ነበር።

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከካምፓላ ገባች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጓሮ ሄደች። ቆማ አየች። ቀረብ ብላ ጣቷን የራሷ ጉንጭ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ እቴቴ።»

«ሌላው ዓይኔስ?»

«በዚያ በኩል ነው። ወደ ጨረቃዋ ዞረሽ ነው የቆምሽው።»

«እኔ የከፈልኩት በዚህ በኩል ላለው ነው።»

ወጥ ቤቷ ከኋላችን ሳቋ አመለጣት። አክስቴ አልሳቀችም።

«ያቺ፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማነው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ሙሉ ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ግን ከጎን ነው፣ በአንድ ዓይን። ይሄን የማያውቅ የኛ አገር ልጅ የለም፤ ቅዳሴው ሲረዝምብን ግድግዳ ግድግዳውን እያየን ዓይን እየቆጠርን ነው ያደግነው። እኔ ረሳሁት። ወይም ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር።

«ንገሪኝ እንጂ» አለች።

«ሰይጣን።»

«ሌላስ?»

«ይሁዳ።»

«ሌላስ?»

«የሰቀሉት ወታደሮች።»

«አየሽ፣ ታውቂዋለሽ።»

«እቴቴ፣ የብርሃኑ ነገር ነው። ጨረቃዋ ከጎን ናት፣ የምታበራው አንድ ወገን ብቻ ነው። ወደኛ ባዞርሽ ፊትሽ ግማሹ ይጠፋል።»

«እንግዲያው እሷን አዙሪያት። የከፈልኩት እኔ ነኝ እሷ?»

«እቴቴ...»

«እስከ ቅዳሜ ሁለት ዓይን ይኑረኝ። ካልሆነ በክሬም ቀለም አጠፋዋለሁ።»

«ሰውየው እሁድ ነው የሚመጣው።»

«አውቃለሁ። በሁለት ዓይኔ ይየኝ።»

አርብ ዕለት የክሬሙ ጣሳ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ቀኑን ሙሉ ለገባ ለወጣው ታሳያለች። «ይቺን አያችኋት? እኔ ነኝ። የወንድሜ ልጅ ከይሁዳ ጋር ደምራኛለች።» አንዳንዱ አማተበ። አንዷ የሱቅ ባለቤት እኔ እየሰማሁ፣ «ያጎረሰ እጅ ተነከሰ በያ» አለቻት። ሹፌሩ ደንበኛችን ብቻ ጎንበስ ብሎ መረመረና፣ «አፍንጫሽ ግን አምሮልሻል» አለ። የበላበትን ሳህን ከፊቱ አነሳችበት፤ ገና አልጨረሰም ነበር።

ከምሳ በኋላ ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። ሁለተኛ ዓይን ጫርኩላት። አንድ ጉንጭ ላይ ሁለት ዓይን ሆነ።

«አሁን ደግሞ ዓሣ ሆነች» አለች ወጥ ቤቷ። «ሰሌዳው ላይ ስቀያት፣ ከነዋጋዋ።»

በጨርቅ አጠፋሁት። ፊቷን ወደኛ ባዞረው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ጨረቃዋም፣ ውሃው ላይ ያለው የብርሃን መንገድም፣ የማንጎዎቹ ጥላም ውሸት ይሆናል። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ጠመኔውን አስቀመጥኩና ገባሁ። ለብርሃኑ ታማኝ መሆኔ ነው ብዬ ራሴን አጸናናሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ቁርስ በልቶ የሄደው ሄዶ የምሳው ሳይመጣ፣ አክስቴ ጣሳውን በቢላዋ ከፈተች። ሮለሩን ዱላ ላይ አስራ ነከረችው። ወጥ ቤቷ እሳቷን ትታ በር ላይ ቆመች። እኔ ጠረጴዛ እያጸዳሁ ነበር፤ ጨርቁን አስቀመጥኩ።

«ቀቢው» አልኳት።

ሮለሩን አነሳች። ከፊት ለፊቷ ያለችው ራሷ ናት፣ ቁመታቸው እኩል ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ክሬሙ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አልነካችውም።

«የቆምኩት እንዲህ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«በመርዶሽ ቀን።»

እዚህ ላይ ወደኋላ ልመልሳችሁ። እናቴ የሞተችው ከዚያ በፊት በነበረው ሆሳዕና ዋዜማ ነው። አባቴ ለአክስቴ ደወለ። ለእኔ አይደወልም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ዘመድ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ነው። አክስቴ የነገረችኝ በዳግማይ ትንሣኤ ነው። አሥራ አምስት ቀን። በነዚያ ቀናት ሕማማቱን ጾሜያለሁ፣ ለፋሲካ ዶሮ ስገነጥል አድሬያለሁ፣ ከደንበኛ ጋር ስቄያለሁ። ለእናቴም በስልኬ ድምፅ ቀርጼ እየላክሁ ነበር፤ «እማ፣ ለምን ዝም አልሽኝ» እያልኩ። አክስቴ አጠገቤ ቆማ «ኔትወርክ ነው» ትለኛለች።

በዚያ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አራት የሰፈር ሴቶች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ሰማዩ ገና አልለየም፤ ከታንከሩ በላይ ግማሽ ጨረቃ ነበረች። የተናገረችው ከአራቱ አንዷ ናት። አክስቴ ፈንጠር ብላ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ወደ ታንከሩ ዞራ ቆማ ነበር። አላየችኝም።

እንዲያ ነበር የቆመችው። ጥላው፣ አፍንጫው፣ የገረጣው ግንባር ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። ማማ ላይ ወጥቼ ጨረቃን አጠናሁ ስል፣ አንዷን ጨረቃ ከስምንት ወር በፊት አጥንቼ ጨርሼ ነበር። ይሄን ከእኔ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት።

«ለምን አሥራ አምስት ቀን?» አልኳት። ስምንት ወር ሙሉ አልጠየቅኋትም ነበር።

«ሰው ማሰባሰብ ነበረብኝ። በሰው አገር መርዶ ዝም ብሎ ይነገራል?»

«አራት ሴቶች ናቸው የመጡት። አራቱም በዚሁ መንገድ ላይ ነው የሚኖሩት።»

«በዓል ነበር። በበዓል ልቅሶ ላስቀምጥሽ?»

«ሥራ ነበር በይ።»

ሮለሩን ጣሳው አፍ ላይ አጋደመችው።

«ሥራም ነበር» አለች። «ምን ልዋሽሽ። ብነግርሽ ትሄጃለሽ። ቤቱ ሙሉ ነበር፣ እጅ አልነበረኝም።»

«ድምፅ ስልክላት አጠገቤ ነበርሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

ለዚህ ቀን ስንት ቃል አስቀምጬ ነበር መሰላችሁ። ዕቃ ሳጥብ ያዘጋጀሁት፣ ትሪ ተሸክሜ በልቤ ያነበነብኩት። አንዱም አልመጣልኝም። የመጣው እንባ ብቻ ነው፤ እሱንም በዚያው የጠረጴዛ ጨርቅ ጠረግሁት፣ በርበሬ ነበረበትና አቃጠለኝ።

«አንቺም ዋሽተሻል» አለች። «በብርሃኑ ምክንያት ነው ብለሽኛል።»

«ብርሃንም ነበር» አልኳት።

ሮለሩን ከጣሳው ላይ አነሳችው። ከዚያ የጣሳውን ክዳን በጡጫዋ መታ መታ አድርጋ ዘጋችው።

«ሰውየው አይቶ ይሂድ። ከዚያ በኋላ ግን እዚህ ቤት አላይሽም። የፈለገሽ ይውሰድሽ፣ ያልፈለገሽም ይጣልሽ።»

«እሺ እቴቴ።»

«እቴቴ አትበዪኝ።»

ወጥ ቤቷ በጁባ አረብኛ «ከላስ» አለች፣ በቃ ማለቷ ነው፤ ወደ እሳቷም ተመለሰች። ያን ቀን ምሳ ስናቀርብ ሦስታችንም ከትእዛዝ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም።

እሁድ ሰውየው ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ከቅዳሴ በቀጥታ መጣ። ጓሮ ወስጄ አቆምኩት። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ረጅም ጊዜ አየ፣ ወደኋላም ሄደ፣ ወደ ጎንም ሄደ።

«ልብ የሚያሳርፍ ነበር ያልኩሽ» አለ።

«አዎ ጋሼ።»

«ይሄ የተኛ ሰው ይቀሰቅሳል።» ወደ ታችኛው ጥግ ጎንበስ አለ። «ሴትዮዋ ማናት? አኳኋኗ ያስፈራል።»

አክስቴ ውሃ ይዛለት እየመጣች ነበር። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ያሠራሁትም እኔ ነኝ።»

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ግድግዳውን አየ። ጨዋ ሰው ነው። «መቼም እጇ ቁርጥ የእርስዎ ነው» አለ በመጨረሻ።

ለእኔ የነገረኝ በር ላይ ነው። «ለክፍሎቹ አይሆንም። እንግዳዬ በሩን ሁለቴ ቆልፎ፣ ጠዋት ሂሳቡን ዘግቶ ይሄዳል። ኮሪደሩን ውሰጂ፤ ሰው ቆሞ የማይውልበት ቦታ ነው። ሰኞ ነይ። ለክፍሎቹ በኋላ ረጋ ያለ ነገር እናያለን።»

ረጋ ያለውን ዛሬም እየተማርኩት ነው። በዚያ ኮሪደር አምስት ጨረቃ ስያለሁ፤ ሰው «እንዴት ሰላም ይሰጣል» የሚለኝ ሁለተኛዋን ነው፣ እሷን የሳልኩ ጊዜ ወባ ይዞኝ ነበር። ጨረቃዋ ያችው አንዷ ናት፤ ከሥሯ የሚቆመው ሰው ነው የሚለያየው። ወንዝና ዛፍ ብቻ ሳልኩ እያልኩ ምን ያህል ጊዜ ሰው እንደሰደብኩ አሁን ሥዕሎቼን ሳይ አውቃለሁ። አክስቴን ያለ አግባብ አልሳልኳትም። በሌላ በኩል ያለውን ዓይኗን ግን እያወቅኩ ነው የተውኩት፤ በዚያ ጠዋት ያኛው ዓይን ምን ይሠራ እንደነበር አላውቅም፣ ልጠይቅም አልፈለግሁም።

ሰኞ ልብሴን በአንድ ዘንቢል ይዤ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር፣ ወጣሁ። አክስቴ ገበያ ሄዳ ነበር፤ የሄደችው ሆን ብላ ነው። የቀረውን የነገረችኝ ወጥ ቤቷ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት አክስቴ የተረፈኝን ሰማያዊ ቀለም ከዕቃ ቤት አወጣች። ከጓሮው ግድግዳ አንዱን ጠረጴዛ አራቀች፣ ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ በእኔ ብሩሽ ከነጠላዋ ጫፍ ጀምራ ወደ ላይ የተሳለችውን ራሷን ሸፈነቻት። አንዴ ቀብታ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ ደግማ ቀባች። ፊቷን ከጨረሰች በኋላ ሌላ ነገር አልነካችም፤ ወንዙንም፣ ማንጎዎቹንም፣ ጨረቃዋንም እንዳሉ ተወቻቸው። ብሩሹን አጥባ መስኮቱ ላይ አሰጣችው፣ ጠረጴዛውን ወደ ቦታው መለሰችና የምሳ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።